ማኅተም የሌለው ብረት

ሚያጋኦ፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1998

ለውድ ታናሽ ወንድሜ ለቶቶ ዴልፊን፣

ባሕሩ ረግቶልህ፣ ምግቡ ተስማምቶህ፣ የመርከቡም ሞተር ሳያስቸግርህ ይህ ወረቀት እጅህ እንዲገባ የከተማችን ጠባቂ ቅዱስ ቶማስ ይርዳኝ። እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልህ ሰዎቹን ማለቴ ነው፤ መኪናዋ ደህና አይደለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር መጨረሻ ባለቤቴ፣ ታላቅህ ማኖንግ ፖንሶ፣ ተሳፋሪ አራግፎ ከኢሎኢሎ ሲመለስ ጊምባል መገንጠያው ላይ ሸንኮራ የጫነ የጭነት መኪና ከጎን ገባበት። እሱ ግንባሩ አበጠ እንጂ ሌላ አልሆነም። ለፖሊሱም፣ ለሐኪሙም፣ ለቄሱም "ያየሁት ከገባብኝ በኋላ ነው" ይላል። መነጽር አድርግ ስለው "የሽማግሌ ነገር" እያለ ስንት ዓመት እንዳደረቀኝ ታውቃለህ። የቫኗ የቀኝ ፊት ግን ተጨራምቷል። ኮፈኑ፣ ፓራፋንጎው፣ ራዲያተሩ የለም በለው። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ጎማውን የሚሸከመው የፊት እግር ብረት ተሰብሯል።

ኢንሹራንስ አለን። የሸጠችልን አበልጄ ናርሲሳ ናት፤ ልጃችንን ኔኔትን ክርስትና ያነሳችው። የኩባንያው ገማች መጥቶ አየና ወረቀት ጥሎልን ሄደ። ወረቀቱ "መኪናው ሦስት ዓመት ስላለፈው በአምሳያ ዕቃ ይጠገናል" ይላል። ፖንሶ "አምሳያ ማለት ምን ማለት ነው?" አለው።

"ያው ነው አባት፣ መልኩ አንድ ነው" አለ ገማቹ።

"የእኔና የወንድሜም መልክ አንድ ነው። እሱ ግን መንዳት አይችልም" አለው ፖንሶ።

መኪናዋን ስንገዛ ግማሹን የሰጠኸን አንተ ነህ። ሰዎች "ለፌሊ ምኗ ነው? የአባቷ አጎት የልጅ ልጅ አይደል እንዴ፣ ሩቅ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። አራት ዓመት እኔ ቤት ሆነህ ስትማር ከአንድ ድስት ሩዝ መብላታችንን አያውቁም። ብረት የምታውቀው አንተ ነህና ንገረን፤ ምን እንበላቸው?

ታላቅ እህትህ ማናንግ ፌሊ



ሳንቶስ ወደብ፣ ማርች 21 ቀን 1998

ለተከበሩ እህቴ ለማናንግ ፌሊ፣

እዚያ ብሆን እንደ አገራችን ሰላምታ እጅዎን ይዤ ግንባሬ ላይ አደርግ ነበር፤ ከዚህ ሆኜ በሐሳብ አድርጌዋለሁ። ደብዳቤዎ ሦስት ወደብ ሲከተለኝ ከርሞ እዚህ ያዘኝ። ማኖንግ ፖንሶ በመትረፋቸው ማሽን ክፍሉ ውስጥ ባርኔጣዬን አውልቄ አመሰገንኩ።

አይቀበሉ። ሌላውን የጻፍኩትን ሁሉ ቢረሱት ይህችን ቃል አይርሱ። ኮፈኑና ፓራፋንጎው አምሳያ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ቢበዛ ቶሎ ይዝጋል። የእግሩ ብረት ግን ሰው የሚሸከም ዕቃ ነው። ባለፈው ዓመት የመርከቡ ኩባንያ ልቆጥብ ብሎ አምሳያ ብሎን አስገባብን። መልኩ አንድ ነበር። ሲበጠስ አጠገቤ ይሠራ የነበረው የሴቡ ደሴት ልጅ አንድ ዓይኑ ጠፋ። እንዲህ ያለ ዕቃ መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ምንም አይለይም።

መለያውን ልንገርዎ። ኦርጅናሉ ወደ ሞተሩ በሚዞረው ጎኑ ብረቱ ላይ የተቀረጸ ማኅተም አለው፤ የፋብሪካው ምልክት፣ ከሥሩ ደግሞ ስምንት ቁጥር። በቀለም የተጻፈ ስላልሆነ በጣት ይዳሰሳል። አምሳያው ምንም የለበትም፣ ልስልስ ያለ ነው። ማኖንግ ፖንሶ ይህንን ሳያረጋግጡ መሪውን እንዳይነኩ።

ደግሞ "ልዩነቱን ራሳችን ከፍለን ኦርጅናሉን እንግዛ" እንዳይሉኝ። ገንዘቡን አጥቼ አይደለም። ውሉ ላይ "ተመሳሳይ ዓይነትና ጥራት ያለው ዕቃ" ብለዋል። ጥራት ብለው ከጻፉ ጥራት ይስጡ። አንዲት ሳንቲም የጨመርን ዕለት እነሱ ልክ ናቸው ብለን ፈረምንላቸው ማለት ነው።

ለማኖንግ ፖንሶ፣ መነጽር አድርጎ የሞተ ሰው የለም ብሏል ዴልፊን በሉልኝ።

ታናሽ ወንድምዎ ዴልፊን



ሚያጋኦ፣ ሜይ 4 ቀን 1998

ለቶቶ ዴልፊን፣

እግዚአብሔር ከማዕበሉም፣ ከብሎኑም ይጠብቅህ። ስለ ሴቡው ልጅ ያነበብኩ ቀን እራት አልበላልህ ብሎኝ አደርኩ። እኛ ጤና ነን፤ ኔኔት ፈተናዋን አልፋለች።

እንዳልከኝ ኢሎኢሎ ቢሮአቸው ሄድኩ። ያቺን ለሰርግ የሸመንኳትን ቀሚስ ለብሼ። ሥራ አስኪያጁ የኔኔት ታላቅ ወንድም ሊሆን የሚችል ልጅ ነው፤ የንፋስ ማራገቢያውን ወደ ራሱ አዙሮ ተቀምጧል። ናርሲሳ አጠገቡ ሆና ጥፍሯን ታያለች። ውሉን ዘርግቼ "ጥራት" የሚለው ላይ ጣቴን አኖርኩለት።

"ናናይ፣ እናቴ፣ ይሄን ቃል የምንተረጉመው እኛ ነን" አለኝ።

"እንግዲያው የምንከፍለውን ደግሞ እኛ እንተርጉመዋ!" አልኩት።

አልሳቀም። "ሦስት ዓመት ላለፈው መኪና ኦርጅናል ዕቃ የለም። ካልተስማማዎት ማኒላ የኢንሹራንስ ኮሚሽን አለ፣ እዚያ ይክሰሱ" አለና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ክሰሱ ሲል ወደ ናርሲሳ ነበር የሚያየው።

ስወጣ ተከትላኝ ወጣች። ገበያው ውስጥ አስገብታ አንድ ሳህን የባቾይ ሾርባ አዘዘችልኝ፤ እሷ ግን ማንኪያዋን አላነሳችም። "አቤቱታ ማኒላ ከደረሰ መጀመሪያ የሚጠሩት የሸጠውን ሰው ነው። የሥራ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ባሌ ከአልጋ ከዋለ ዓመቱ ነው፣ ታውቂያለሽ። እኔ እኮ ልጅሽን ታቅፌ ጠበል ያስነካሁ ሰው ነኝ" አለችኝ። ሒሳቡንም እሷ ናት የከፈለችው።

ፖንሶን ብታየው ታዝናለህ። መንገድ ዳር ወንበር አውጥቶ ተሳፋሪ የጫነ የሰው ጂፕኒ ሲያልፍ ሞተሩን እያዳመጠ ይፈርዳል። "የሮዲ ነው፣ ፍሬኑ አልቋል። ይሄ ደግሞ የነቶኒ ነው፣ ዘይት አልቀየረም።" ሦስት ወሩ ነው እንዲህ ከሆነ። ትናንት ወንበሩን ሲያስገባ "ሰው እኮ ሰላም ሲለኝ ለምን እንደሚያዝንልኝ አልገባኝም" አለኝ።

ቶቶ፣ ነገሩን ብንተወውስ?

ፌሊ



ሮተርዳም፣ ጁን 2 ቀን 1998

ለማናንግ ፌሊ፣

ጤናዎን ያብዛልኝ። ሰላምታውን ያሳጠርኩት መርከቡ ዛሬ ስለሚነሳ ነው።

አንተወውም። ለኩባንያው በራሴ ስም ደብዳቤ ጽፌ ልኬያለሁ። ከዚህ ጋር ደግሞ ለማኒላው ኮሚሽን የሚገባ አቤቱታ አዘጋጅቻለሁ፤ መኪናዋ በእርስዎ ስም ስለሆነች ያለ እርስዎ ፊርማ አይሆንም። የሚፈርሙበት ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። ፈርመው በአደራ ደብዳቤ ይላኩት።

ናርሲሳ ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ። ማናንግ፣ ይሉኝታ ይቅርብዎ። ተማሪ ሳለሁ ያ ባለሱቅ በሚዛን ሲያታልለን እያወቁ "ጎረቤት ነው" ብለው ዝም ያሉትን አልረሳሁም። ያኔ የጎደለብን ሩዝ ነው። አሁን ማኖንግ ፖንሶ ናቸው መሪው ላይ የሚቀመጡት።

ለማኖንግ ፖንሶ ትንሽ ይታገሱ በሉልኝ። እኔ አለሁ።

ዴልፊን



ሚያጋኦ፣ ኦገስት 16 ቀን 1998

ለቶቶ ዴልፊን፣

ባለህበት ሰላምህ ይብዛ። መልስ በማዘግየቴ አትቀየመኝ። ዝናቡ ከገባ ወዲህ የሽመና ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ ክሩን ከወዲህ ወዲያ ሳመላልስ ጊዜው ሄደ። ወረቀትህ ደርሶኛል። ከኩባንያው አዲስ ነገር የለም። እንዲህ ያለ ነገር ጊዜ ይወስዳል ይላሉ።

ፖንሶ ደህና ነው። መልኩ ተመልሷል፣ ይዘፍናልም።

አንድ ነገር ልለምንህ። ለፖንሶ መነጽር ግዛለት። ቅርብ ለማንበብ የሚሆን፣ ጠንከር ያለ። እዚህ ገበያ ያለው አይረባም። አንተ ከላክኸው እምቢ አይልም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው እያለ ለሰው ማሳየቱ አይቀርም። ቢቻልህ ፈጥነህ ላከው። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ጸልይልን።

ፌሊ



ኮቤ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998

ለማናንግ ፌሊና ለማኖንግ ፖንሶ፣

በዓሉ ሳይደርስ ይድረስልኝ ብዬ ነው የምጽፈው። ለቅዱስ ቶማስ አንድ ሻማ በእኔ ስም ያብሩልኝ፤ አሳማውን ደግሞ በእኔ ስም ብሉልኝ።

መነጽሩን ገዛሁ። ቡናማ ነው፤ ማኖንግ ሲያደርጉት ዳኛ ይመስላሉ። ግን የደስታዬ ምክንያት ሌላ ነው። መነጽር ቤቱን ፍለጋ ስዞር የመለዋወጫ ሱቅ አገኘሁ። የመኪናዋን ዓይነትና ዓመተ ምሕረት ነገርኳቸው፤ ሰውየው ገባ ብሎ ወዲያው ይዞት ወጣ። ያው ብረት፣ ኦርጅናሉ፣ ከነማኅተሙ። ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅሁ። ማናንግ፣ የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ነው። ጭኔ ላይ አድርጌው በአውቶቡስ ወደ ወደቡ ስመለስ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ስድስት ወር ያህል ከሰው ጋር ስሟገት የከረምኩት በአንድ ጥንድ ጫማ ነው። ያኔውኑ መግዛት ስችል፣ ልክ መሆን ስለፈለግሁ ማኖንግን መንገድ ዳር አስቀመጥኳቸው። ይቅር በሉኝ።

አቤቱታውን ይተዉት። ናርሲሳንም ሰላም በሏት። ብረቱና መነጽሩ በአንድ ጥቅል በመርከብ ተልኳል፤ ወር ገደማ ይፈጃል።

ዴልፊን



ቫንኩቨር፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1998

ማናንግ ፌሊ፣

የኩባንያው መልስ በማኒላው ቀጣሪ ድርጅት በኩል ዛሬ ደረሰኝ። የእርስዎን ወረቀት ቅጂ አያይዘውበታል። "በተተኩት ዕቃዎች ዓይነትና ጥራት ሙሉ በሙሉ ረክቻለሁ፤ ወደፊትም ምንም ጥያቄ አላነሳም" ይላል። ጁን 11 ቀን። ፊርማው የእርስዎ ነው፤ የትምህርት ቤት ካርዴ ላይ አራት ዓመት ያየሁት ፊርማ።

ኦገስት ላይ "አዲስ ነገር የለም" ብለው ጻፉልኝ። እኔ ደግሞ እዚህ ማሽን ክፍል ውስጥ በትርፍ ሰዓቴ አቤቱታ ስጽፍ ከረምኩ። ምን አድርጌዎት ነው? ሩቅ ነው የሚሉት ሰዎች ልክ ነበሩ?

ይህንን ቀድጄ እንደገና ልጽፈው ነበር፤ ጊዜ የለም። ቁጣዬን ይተዉት። መኪናዋ ጁን ላይ ከጋራዥ ከወጣች ማኖንግ ሦስት ወር ነድተዋታል ማለት ነው። ዛሬውኑ ትቁም። የከተማችንን ስልክ ቤት ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ መስመሩ በአውሎ ነፋሱ ተበጥሷል አሉኝ። ቴሌግራም ልኬያለሁ። ጥቅሉ እስኪደርስ ማንም ሰው እንዳይነዳት። ፈረሙም አልፈረሙም፣ ዋሹኝም አልዋሹኝም፣ ብቻ ትቁምልኝ።

ዴልፊን



ሚያጋኦ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1998

ቶቶ ዴልፊን፣

ከላይ የሚጻፈውን ምርቃት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ቴሌግራምህ ደርሶኛል። "መኪናዋን ዛሬውኑ አቁሙ" ይላል። ቆማለች። የፖስታ ቤቱ ሰው ይዞት ሲመጣ ቤቱ ሰው ሞልቶበት ነበር። ማኖንግህ ፖንሶ ያረፈበት የዘጠነኛ ቀን ጸሎት ነበር።

የሆነው በቅዱስ ቶማስ ዋዜማ፣ ሴፕቴምበር 21 ቀን ነው። ለበዓሉ ወደ አገራቸው የሚገቡ አሥራ አንድ ሰዎች ጭኖ ነበር። የቲግባዋንን ድልድይ እንዳለፈ ቀኝ ጎማው ወደ ውስጥ ታጠፈና መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ገባች። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። እሱን መሪው ደረቱ ላይ ያዘው፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አለፈ።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፍልህን ለቄሱ ነግሬዋለሁ። ከሱ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ጁን 11 ቀን ናርሲሳ ወረቀቱን ይዛ እቤት መጣች። "ሥራ አስኪያጁን እግሩ ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ። ኮፈኑና ፓራፋንጎው አምሳያ ይሁን፤ የእግሩን ብረት ግን ለእኔ ሲል ኦርጅናል ያደርገዋል። ፈርሚልኝና ሁላችንም እንረፍ" አለችኝ። ሳላነበው ፈረምኩ። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። እሷ ፊቴ ቁጭ ብላ እኔ ማንበብ ብጀምር ሌባ ነሽ ያልኳት መሰለኝ። ያንተ አቤቱታ በእርሳስ ምልክቱ የደረሰኝ ከወር በኋላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ጋራዥ ጠሩን። ናርሲሳ የሩዝ ሱማን በቅጠል ጠቅልላ መጥታ ለሜካኒኮቹ ሁሉ ታድላለች፤ በዓል ይመስል ነበር። ፖንሶ መኪናዋ ሥር ገባ። ክንዱ ወፍራም ነውና በውስጥ በኩል አልደርስ አለው። "ፌሊ፣ ነይ እስቲ ያንን ቶቶ ያለውን ማኅተም እዪልኝ። እኔ የሚታየኝ ጭጋግ ነው" አለኝ። ተንበርክኬ ባትሪ አበራሁ። ጣቴንም ሰደድኩ። እንደ ሳህን ልስልስ ያለ ነበር። ቀና ስል ናርሲሳ ሱማኑን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች፤ ፈገግ ብላለች። አውቃ ይሁን ሳታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

"አለ?" አለኝ ፖንሶ ከሥር።

"አለ" አልኩት።

"ቁጥሩስ?"

"ስምንቱም አለ።"

ማታ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ማታ ግን አምስት ወር አንገቱን ደፍቶ የከረመ ሰው መኪናዋን በፎጣ እየወለወለ ሲዘፍን ሳየው፣ ነገ አልኩ። ሳምንት አለፈ፣ ምንም አልሆነም። ዴልፊን አጋኖት ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እየሄደ በተመለሰ ቁጥር ደግሞ መንገሩ ይበልጥ ይከብደኝ ነበር፤ ትናንት ለምን አልነገርሽኝም ይለኛላ። መነጽር የለመንኩህ ለዚህ ነው። እኔ ሳልናገር፣ ራሱ አይቶ እንዲደርስበት ፈልጌ ነው።

አብራው የነበረች አንዲት ዓሣ ነጋዴ እጇን በፋሻ ታስራ ለቅሶ መጥታ ነበር። ገና ኦቶን ከተማ ሳሉ ጎማው ሲንቋቋ ሰምታ "ማኖንግ፣ ይሄ ነገር ደህና ነው?" ብላው ነበር። "አይዞሽ፣ ኦርጅናል ነው። ሚስቴ ናት ያነበበችልኝ" አላት። ያጽናናኛል ብላ ነው የነገረችኝ።

ናርሲሳ ዘጠኙንም ቀን መጥታለች፤ ሱማን ይዛ። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አቅፌያት አለቀስኩ፤ ከዚያ ወንበር ሰጠኋት።

አቤቱታውን አሁን እንፈርም ትለኝ ይሆናል። የኩባንያው መርማሪ መጥቶ ፊርማዬን አሳይቶኝ ሄዷል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር የሚያናግረኝ። እኔ ረክቻለሁ ብዬ ከፈረምኩ ማንን ልክሰስ? አንተ ስለ ጫማው ዋጋ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ። አትሸከመው። ያንተ ጥፋት ፖንሶን መንገድ ዳር ነው ያስቀመጠው፣ መንገድ ዳር ደግሞ በሕይወት ነበር። ሩቅ ነው ወይ ላልከው፣ የሚቀርበኝ ሰው ከሥር ሆኖ ሲጠይቀኝም ዋሽቼዋለሁ። ይቅር በለኝ ብዬ ለመጻፍ አልደፈርኩም።

ጥቅሉ ትናንት ደረሰ። መነጽሩ ለእኔ ልክ ነው። አድርጌው፣ ብረቱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ወደ ውስጥ የሚዞረውን ጎኑን ፈለግሁ። እንዳልከው በጣት ይዳሰሳል። ከዚያ ፎቶግራፉ ፊት ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ሰባት፣ ዜሮ፣ ሦስት፣ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት፣ ስድስት። ስምንቱም አለ።

ፌሊ